ከውርጩ በፊት የቤት ፑል እንዴት ይዘጋል

ቨርጂኒያ ውስጥ ፑል ያለው ቤት ስንገዛ የታየኝ በጋው ብቻ ነበር። ልጆቹ ሲንቦጫረቁ፣ እኔ ጥላ ሥር ቡናዬን ይዤ። ክረምት የሚባል ነገር ትዝም አላለኝ። (ክረምት ስል የሐምሌና የነሐሴውን ዝናብ አይደለም፣ የዚህን አገር ብርድ ነው።) በመጀመሪያው ዓመት ጥቅምት ላይ ሰማያዊ ሸራ ገዛሁ፣ ፑሉ ላይ ዘረጋሁ፣ ዳር ዳሩን ድንጋይ ጫንኩበትና ጨረስኩ ብዬ ገባሁ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ፓምፑን ሳስነሳው ውሃ በሦስት በኩል ተፈናጠረ። የፓምፑ ሆድ ተሰንጥቋል። ፊልተሩ ላይ ያለው ቫልቭ ተሰንጥቋል። ይባስ ብሎ ከመሬት በታች ያለ አንድ ቧንቧም ፈንድቶ ስለነበር ፑሉ በየቀኑ ይጎድላል፣ ቦታውን ለማግኘት ደግሞ ያ ሁሉ ኮንክሪት ተቆፈረ። የዚያን ዓመት ልጆቹ የዋኙት ጎረቤት ቤት ነው።

ብርዱ የሚጎዳው ፑሉን መስሎኝ ነበር። ፑሉ ግን ምንም አልሆነም። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ፑሉ ውስጥ በረዶው የሚሠራው ከላይ ነው፣ ከላዩ ሰማይ እንጂ ክዳን የለም፣ ስለዚህ መስፊያ አያጣም። ቧንቧ፣ ፓምፕ፣ ፊልተርና ማሞቂያ ውስጥ የቀረ ውሃ ግን መሄጃ የለውም። የቢራ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ ረስቶ ያደረ ሰው የቀረውን ያውቀዋል። ስለዚህ ከታች ከምነግራችሁ ሥራ ግማሹ ውሃውን ንጹሕ አድርጎ ማሳደር ነው፣ ዋናው ግን ተዘግቶ ሊቀር ከሚችልበት ቦታ ሁሉ ውሃን ማስወጣት ነው።

መቼ ይዘጋ?

እዚህ አካባቢ ብዙ ሰው ሌበር ዴይ (የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን) ሲያልፍ፣ ማለትም መስከረም ሳይጠባ፣ ፑሉን ይዘጋል። ይሄ ይፈጥናል። ውሃው ገና ሞቃት ስለሆነ መሸፈኛው ሥር አልጌ ይራባል፣ በፀደይ፣ ብርዱ ሲያልፍ፣ ስትገልጡት ጎመን የተቀቀለበት ድስት ይመስላል። የውሃው ሙቀት ከ65 ዲግሪ ፋራናይት (18 ሴልሺየስ) በታች ወርዶ እዚያው እስኪረጋ ጠብቁ። 10 ዶላር የማይሞላ ተንሳፋፊ ቴርሞሜትር ይበቃችኋል። እኔ የምጠቀምበት ምልክት መስቀል ነው፤ ደመራው ካለፈ በኋላ በየቀኑ ጠዋት ቴርሞሜትሩን አያለሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመስቀል በኋላ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ይደርሳል። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚያሰኘው ብርድ ሳይመጣ ማለት ነው። በጣም ማዘግየትም አደጋ አለው፣ አንድ ሌሊት ድንገት ውርጭ ከወደቀ ፓምፑ ላይ ሊቀድማችሁ ይችላል።

ጨርሳችሁ አታፍስሱት

የባለቤቴ ወንድም የመጀመሪያውን ጉዳት ሲያይ «ለምን ሙልጭ አድርገህ አታፈስሰውም? ውሃ ከሌለ በረዶ የለ!» አለኝ። ለሰሚው ልክ ይመስላል። እኔም ላደርገው ምንም አልቀረኝም ነበር። ያዳነኝ ከጀርባችን የሚኖሩ ጎረቤት ናቸው፣ እዚህ አገር ሠላሳ ዓመት የኖሩ ጋሼ። «ባዶ ፑል እኮ ጀልባ ነው» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዝናብና በረዶ ሲበዛ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ከፍ ይላል። ፑሉ ሙሉ ሲሆን የራሱ ውሃ ክብደት ወደ ታች ይይዘዋል። ባዶ ከሆነ ግን ከሥር የሚገፋው ውሃ የኮንክሪትም ሆነ የፋይበርግላስ ፑልን ከነአካሉ ወደ ላይ ሊያነሳው ይችላል። የእናንተ ፑል ውስጡ የፕላስቲክ ልብስ (ላይነር) ያለው ከሆነ ደግሞ ልብሱ ይሸማቀቃል፣ መልሳችሁ ስትሞሉት ይቀደዳል። ስለዚህ ውሃው ይኑር። ትንሽ ዝቅ ይላል እንጂ አይደርቅም። መጠኑን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ውሃውን ማስተካከል

ይሄን ከመዝጊያው ቀን አራት አምስት ቀን አስቀድማችሁ ጀምሩ፣ ፓምፑ ገና እየሠራ እያለ። መጀመሪያ ቅጠሉን በመረብ ልቀሙ፣ ግድግዳውን በብሩሽ ፈትጉ፣ ወለሉን በቫኪዩም ጥረጉ። ታች የቀረ ቅጠል ስድስት ወር ሙሉ እንደ ሻይ ይዘፈዘፋል፣ ያስቀረው ምልክት በቀላሉ አይለቅም።

ከዚያ የፑሉን ልክ ማወቅ አለባችሁ፣ ያለዚያ ኬሚካል የምትጨምሩት በግምት ነው። ለአራት ማዕዘን ፑል ርዝመቱን፣ ወርዱንና አማካይ ጥልቀቱን በጫማ (ፊት) ለክታችሁ እርስ በርስ አባዙ፣ የመጣውን በ7.5 አባዙት፣ ጋሎኑን ታገኛላችሁ። የኛ 32 በ16 ነው፣ ጥልቀቱ በአማካይ 5 ፊት፣ ስለዚህ 19,200 ጋሎን ይይዛል።

መመርመሪያውን አውጡና ለኩ። ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው) ከ7.2 እስከ 7.6፣ አልካሊኒቲ (ፒኤቹ እንዳይዋዥቅ የሚይዘው) ከ80 እስከ 120 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ ይህን ያህል እጅ ማለት ነው)፣ ካልሲየም ከ200 እስከ 400 ፒፒኤም መሆን አለበት። አልካሊኒቲው ዝቅ ካለ የሚያነሳው ቤኪንግ ሶዳ ነው፣ ያው ወጥ ቤት ያለው። ለ10,000 ጋሎን አንድ ፓውንድ ተኩል ብትጨምሩ በ10 ፒፒኤም ከፍ ይላል። የፑል ሱቅ ይህንኑ ነገር በሌላ ስምና በሌላ ዋጋ ይሸጥላችኋል፤ ትልቁን ከረጢት ከጅምላ መደብር ግዙ። ካልሲየሙን አትናቁት፣ በተለይ ፑላችሁ በፕላስተር የተለሰነ ከሆነ። ውሃ ሲቀዘቅዝ ካልሲየም ይርበዋል፣ ውሃው ውስጥ ካጣ ከግድግዳው ላይ ይበላል።

ቀጥሎ ክሎሪኑ። ሲመሽ አስገቡት፣ ፀሐይ እንዳትበላው። 10 በመቶ ከሚለው ፈሳሽ ክሎሪን 1 ጋሎን ለ10,000 ጋሎን ውሃ ብትጨምሩ በ10 ፒፒኤም ገደማ ያነሳዋል፣ ስለዚህ ለኛ ፑል ሁለት ጋሎን ነው። ሌሊቱን ፓምፑ ይሽከርከር። አልጌ መከላከያውን አብራችሁ አትጨምሩ፣ ከፍተኛ ክሎሪን ያበላሸዋል፤ ክሎሪኑ ከ5 በታች እስኪወርድ ሁለት ሦስት ቀን ቆዩና ከዚያ ጨምሩ። መሸፈኛውም እንደዚያው ነው። ክሎሪኑ ከፍ እንዳለ ከከደናችሁት ጨርቁንም ላይነሩንም ያነጣዋል። እኔ ከ1 እስከ 3 ሲሆን ነው የምከድነው።

እዚህ ላይ ቀልድ የለም፦ ክሎሪንና አሲድ በጭራሽ አይገናኙ፣ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል። ሁለት ዓይነት ደረቅ ክሎሪንም በአንድ ባልዲ አይደባለቁ፣ እሳት ይነሳል። ሁልጊዜ ኬሚካሉን ወደ ውሃው ጨምሩ፣ ውሃውን ወደ ኬሚካሉ አይደለም። ጓንትና መነጽር አድርጉ። በረኪና ስንጠቀም ያደግን ሰዎች ስለሆንን እንደፍራለን፣ ይሄ ግን ከቤት በረኪና ይበረታል።

የመዝጊያው ቀን

ሁለት ሰው ከሆናችሁ ግማሽ ቀን ይበቃል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ምሳ ቋጥሩ።

ፊልተሩን እጠቡ። የአሸዋ ከሆነ ባለ ብዙ መንገዱን ቫልቭ ባክዋሽ (ውሃውን ወደ ኋላ አዙሮ የሚያጥበው) ላይ አድርጋችሁ መመልከቻው መስተዋት እስኪጠራ ሁለት ሦስት ደቂቃ፣ ከዚያ ሪንስ (ማለቅለቂያው) ላይ ግማሽ ደቂቃ። ካርትሪጅ ከሆነ አውጥታችሁ በጎማ እጠቡት፣ አድርቃችሁ ጋራዥ አስገቡት።

ከዚያ ውሃውን ዝቅ አድርጉ። ምን ያህል? እንደ መሸፈኛው ነው። መሸፈኛችሁ ውሃ የማያሳልፍ ከሆነ ከስኪመሩ አፍ (ቅጠል የሚለቅመው የጎን ቀዳዳ) በታች ከ3 እስከ 6 ኢንች ይበቃል። ወንፊት መሰል ከሆነ ዝናቡም የቀለጠው በረዶም ወደ ውስጥ ስለሚገባ ቦታ መተው አለባችሁ፣ እኔ 12 ኢንች ያህል አወርዳለሁ። ከዚያ በላይ ግን አትስገብገቡ። በረዶ ሲጫነው መሸፈኛው ተንተርሶ የሚተኛው ውሃው ላይ ነው፣ ውሃው በጣም ከራቀ ይቀደዳል። ከመሸፈኛው ጋር የመጣው መመሪያ ገደቡን ይናገራል።

የምታፈስሱትን ውሃ መንገድ ዳር ወዳለው የዝናብ ማፋሰሻ አትልቀቁት። እሱ ሳይጣራ ቀጥታ ወንዝ ነው የሚገባው፣ ክሎሪን ዓሣ ይፈጃል፣ በብዙ ካውንቲም ያስቀጣል። የክሎሪን ማጥፊያ ዱቄት አለ፣ እሱን አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ ሣሩ ላይ ልቀቁት።

ቧንቧዎቹ፦ ይሄን ክፍል ሁለቴ አንብቡ

መጀመሪያ ብሬከሩን አጥፉ። ማብሪያ ማጥፊያውን ብቻ አይደለም፣ ብሬከሩን። ሰዓት ቆጣሪ ያለው ፓምፕ ባዶውን ሌሊት ተነስቶ ራሱን ሲያቃጥል አይቻለሁ።

አሁን የሚያስፈልጋችሁ የሚነፋ ነገር ነው። ጋራዥ የሚጠረግበት ትልቁ ቫኪዩም ቱቦውን ወደ መንፊያው በኩል ካዞራችሁት ለብዙ ቤት ይበቃል። ኮምፕረሰር የምትጠቀሙ ከሆነ ግፊቱ ከ20 ፒኤስአይ አይለፍ፣ ብርዱ ያልሰነጠቀውን እናንተ እንዳትሰነጥቁት። ጋሼ በመጀመሪያው ቀን ሲያሳዩኝ «አየሩን እንደ ከሰል እፍ በለው፣ አትቸኩል» ነው ያሉኝ። እውነት ነው፣ ትዕግሥት ይፈልጋል።

ቱቦውን በፓምፑ ማፍሰሻ ቀዳዳ በኩል አጥብቃችሁ አገናኙ። ባለ ብዙ መንገዱን ቫልቭ ሪሰርኩሌት (ፊልተሩን ሳይነካ የሚያሳልፈው) ላይ አድርጉትና ወደ ፑሉ የሚመለሱትን ቧንቧዎች ንፉ። መጀመሪያ ጸጥ ይላል፣ ከዚያ ጎርጎር ይላል፣ ከዚያ ከመመለሻ ቀዳዳዎቹ አረፋ ይፈላል። ከቅርቡ ጀምሩ። አረፋው በኃይል ሲወጣ፣ አየሩ እየነፋ እያለ፣ የሚለጠጠውን የጎማ መድፈኛ አስገቡና በእጅ አጥብቁት። አየሩ መውጫ ሲያጣ ወደሚቀጥለው ቀዳዳ ይሄዳል፣ እሱንም እንደዚያው። የመጨረሻዋን ስትደፍኑ ቫኪዩሙ ድምፁ ይለወጣል፣ ወዲያው አጥፉት። መንፋቱን አቁማችሁ ከደፈናችሁ ውሃው ተመልሶ ይገባል፣ ድካማችሁ መና ይቀራል። ሁለተኛው ሰው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ማሽኑ ጋ፣ አንዱ እጅጌውን ሰብስቦ የጥቅምት ውሃ ውስጥ። ማን የቱን እንደሚይዝ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ትዳር ይፈተናል።

ቀጥሎ የሚስቡት ቧንቧዎች። ቫልቩን ወደ ስኪመሩ አዙሩና ንፉ፣ ውሃው በስኪመሩ በኩል እንደ ምንጭ ይፈናጠራል። የሚወጣው አየር ብቻ ሲሆን መድፈኛውን እሰሩ። ስኪመሩ ራሱ ዝናብ ሊያጠራቅም ስለሚችል ውስጡ የበረዶን ግፊት የሚቀበል ነገር አስቀምጡ። ሱቅ የሚሸጥ አለ፣ ግን ትንሽ ጠጠር የገባበት፣ ክዳኑ ጥብቅ ያለ ባዶ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስም ይሠራል። በረዶው ሲሰፋ ጠርሙሱ ይጨማደዳል፣ ስኪመሩ ይተርፋል።

ከፑሉ ወለል ያለውን ማፍሰሻ ጠልቃችሁ አትደፍኑትም፣ አይደል? እሱ ዘዴው ሌላ ነው። ወደ እሱ ንፉ፣ ከጥልቁ መሐል ትልልቅ አረፋ እስኪፈላ። አረፋው እየፈላ እያለ የሱን ቫልቭ ዝጉት። ቧንቧው ውስጥ የታሰረው አየር ውሃው እንዳይመለስ ይይዘዋል።

አንቲፍሪዝ ያስፈልጋል ወይ? በደንብ ከተነፋና ከተደፈነ ግድ አይደለም። የምትጠራጠሩት ቧንቧ ካለ ግን ጨምሩ። ለፑል የተሠራው ሮዝማው ነው፣ ፕሮፒሊን ግላይኮል። የመኪናው አይሆንም፣ መርዝ ነው። ለአንድ ኢንች ተኩል ቧንቧ በየ10 ፊቱ 1 ጋሎን ገደማ አስቡ።

ማሽኖቹ

ፓምፑ ከሥር ብዙውን ጊዜ ሁለት የማፍሰሻ ቡሽ አለው። ሁለት ነው ያልኩት። እኔ በሁለተኛው ዓመት አንዷን ብቻ አውጥቼ፣ ሌላዋን ሳላያት፣ አዲሱ ፓምፕ ለጥቂት ተረፈልኝ። የፊልተሩንም ቡሽ አውጡ፣ የግፊት መለኪያውን ፍቱና ቤት አስገቡት። ባለ ብዙ መንገዱን ቫልቭ እጀታ በሁለት ምልክቶች መሐል አቁሙት፣ ውስጡ ውሃ እንዳይታሰር። ማሞቂያ ካላችሁ ጋዙን ዝጉ፣ የራሱን ቡሾች አውጡና ውስጡን ንፉት፤ ውስጡ ያለው የመዳብ ቱቦ ከተሰነጠቀ ከሁሉ የሚከብደው ወጪ እሱ ነው። የጨው ሲስተም (ክሎሪኑን ከጨው የሚሠራ) ከሆነ ሴሉን አውጥታችሁ ጋራዥ አስገቡት። መሰላሉንና መያዣ ብረቱንም አንሱ።

እነዚህ ቡሾችና ጎማዎች ስድስት ወር ሙሉ ጋራዥ ውስጥ ሲዞሩ ይጠፋሉ። ሁሉንም በአንድ ፌስታል አድርጋችሁ የፓምፑ ቅርጫት ውስጥ አስቀምጡ። በፀደይ መጀመሪያ የምትከፍቱት እሱን ነው። ከመፍታታችሁ በፊት ደግሞ ሁሉንም ነገር በስልክ ፎቶ አንሱት፣ የትኛው ቫልቭ ወዴት እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው እስካሁን አላየሁም።

መሸፈኛው

ልጅ ያለበት ቤት ከሆነ ወይም ልጅ የሚመጣበት ቤት ከሆነ (የሐበሻ ቤት ስለሆነ ይመጣል) ገንዘባችሁን እዚህ ላይ አውሉ። ዳሩ በውሃ ከረጢት የሚያዘው ተራ ሸራ ቅጠል ይከለክላል እንጂ ሰው አይከለክልም። ልጅ ቢረግጠው ተጠቅልሎ ይዞት ይገባል፣ ላዩ ላይ የሚጠራቀመው ጥቂት ኢንች የዝናብ ውሃ ራሱ ሕፃን ያሰጥማል። ሴፍቲ ከቨር የሚባለው በነሐስ መቆንጠጫ ኮንክሪቱ ላይ የሚታሰረው ነው። ስትገዙ ኤኤስቲኤም ኤፍ1346 የሚል ጽሑፍ እንዳለበት እዩ፣ ይህ መመዘኛ 485 ፓውንድ (220 ኪሎ) መሸከምን ይጠይቃል። ይሄ ማለት ግን ልጆች ይጫወቱበት ማለት አይደለም።

ለዘንድሮ ሸራ ብቻ ካላችሁ ከረጢቶቹን ጢም አድርጋችሁ አትሙሉ። ሩብ ያህል ባዶ ተዉ፣ እነሱም ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ይሆናልና።

ደቡብ ላላችሁ

ዳላስ፣ አትላንታ፣ ላስ ቬጋስ ያላችሁ «እኛ አንዘጋም» እንደምትሉ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፣ እዚያ ውርጭ ሲመጣ ፓምፑን ሌሊቱን ማስኬድ ይበቃል፣ የሚንቀሳቀስ ውሃ ቶሎ በረዶ አይሆንም። ግን በየካቲት 2021 ቴክሳስ ላይ የሆነውን አስታውሱ። ውርጩ የመጣው ከመብራት መጥፋት ጋር ነው፣ የሚንቀሳቀስ ፓምፕ አልነበረም፣ ብዙ ሰው ቧንቧውንና ፓምፑን ያጣው በዚያ ምክንያት ነው። እንደዚያ ዓይነት ሌሊት ከመጣ ብሬከሩን አጥፉ፣ የፓምፑን፣ የፊልተሩንና የማሞቂያውን ቡሾች አውጡና ውሃው ይፍሰስ። ዛሬ በፀሐይ ውጡና ቡሾቹ የት እንዳሉ እዩዋቸው፣ በጨለማ በባትሪ ከመፈለግ ይሻላል።

ከተዘጋ በኋላ

ዘግቶ መርሳት የለም፣ ግን ሥራው ትንሽ ነው። ውሃ የማያሳልፍ መሸፈኛ ላይ የተጠራቀመውን ዝናብ በትንሽ ፓምፕ ምጠጡት። በረዶ ሲወርድበት በአካፋ አትዛቁት፣ አካፋው ይቀድደዋል፣ ራሱ እስኪቀልጥ ተዉት። የፑሉ ውሃ በረዶ ቢሠራ በመዶሻ አትምቱት። እኔ አንዴ ገና ሰሞን፣ አንዴ ጥምቀት ሰሞን ዳሩን ገለጥ አድርጌ ከፍታውን አያለሁ። ወደ ስኪመሩ አፍ ከተጠጋ ትንሽ አፈስሳለሁ። ዝናብ ሳይጠፋ እየጎደለ ከሄደ ግን አንድ ቦታ ያፈስሳል ማለት ነው።

መክፈቻው ላይ ሰው ሙቀት ይጠብቃል። አትጠብቁ። ውሃው እንደገና 65 ዲግሪ ሳይደርስ ክፈቱት፣ እዚህ አካባቢ ሚያዝያ አጋማሽ ማለት ነው፤ ፋሲካ ዘግይቶ በሚውልበት ዓመት ዶሮው ሳይበለት የኛ ፑል ተከፍቶ ፓምፑ ይሽከረከራል። ማንም አይዋኝበትም፣ ይቀዘቅዛል። ውሃው ግን ጥርት ያለ ነው።